ሕፃን እንዳይከፍተው የታሸገውን ባትሪ እማማ በምን ይክፈቱት?

ጥያቄውን በይነመረብ መድረክ ላይ የለጠፈው አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እናቱ ስኳር አለባቸው። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወጋ አድርገው የሚለኩባት መሣሪያ ሲአር 2032 በምትባለው፣ ሳንቲም በምታክለው ባትሪ ነው የምትሠራው። ባትሪዋ ሞተች። መለዋወጫ ግን ነበራቸው፤ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው አራት ፍሬ የያዘ እሽግ ከቪታሚን ጋር ልካላቸው ነበር። ጣጣው እሽጉ ነው። የእናትየው ጣቶች በቁርጥማት ተቆልምመዋል። መጫን ይችላሉ፣ መቆንጠጥ ግን አይሆንላቸውም። በቢላ ጫፍ ሞከሩ። በጥርሳቸው ሞከሩ። ካርቶኑ ረጠበ እንጂ ላስቲኩ ንቅንቅ አላለም። ልጅየው ከሥራ ሲገባ ሳይለኩ ውለው አገኛቸው። የለጠፈው ነገር ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ምሬት ነው። ይህን ዕቃ ያሸገው ሰውዬ እናት የለውም ወይ ብሎ ጀመረና፣ ጣቱ አልታዘዝ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሆን በምን ይክፈተው ብሎ ጨረሰ።

መልሱ ጎረፈ። አንዳንዱ ቁም ነገር ነው፣ አንዳንዱ ጨዋታ ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ ባያነቡት ይሻላል። እየተቆራረጠ በየስልኩ ሲዞር ስላየሁ መልሶቹን ከነተራ ቁጥራቸው ላውጋችሁ።

ቁጥር 1 የደሴ ሴት ናት። መጀመሪያ አላህ ያሽርልህ አለችው፤ ወሎ ነውና ከምክሩ ዱዓው ይቀድማል። ከዚያ ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች እንዳሉ፣ እሽጉን ከነመለኪያው ቢወስድላቸው እዚያው ከፍተው ገጥመው እንደሚሰጡት ነገረችው። ቁጥር 2 ቀልደኛ ነው። ለአንዲት ባትሪ እስከ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ምን አመጣው፣ ኮምቦልቻም ሰዓት ሠሪ አላጣችም አለ። ሱቅ የምትሸጠዋ፣ አምስት ፍሬ የተደረደረባት ካርድ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ቱር ብላ ትወጣለች፤ እማማን እስከ አሜሪካ ያስላካቸው ምንድን ነው ሲልም ጠየቀ።

ቁጥር 3 ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ነገሩን መስመር ያስያዘውም እሱ ነው። ቱር ብላ መውጣቷ ነው መዘዙ አለ። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ሪስ የምትባል የ18 ወር ሕፃን ከሪሞት የወጣች እንዲህ ያለች ባትሪ ውጣ ሞተች። እናትየዋ ዝም አላለችም፤ 2 ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2022፣ አሜሪካ በሕፃኗ ስም ሕግ አወጣች። አውስትራሊያ እንደውም ቀድማለች፤ የእሷ ደንብ አስገዳጅ የሆነው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ክብ ባትሪዎች ትንሽ ልጅ በማይከፍተው እሽግ ካልሆነ እዚያ አይሸጡም። ላስቲኩ የወፈረው፣ ካርቶኑ ድርብ የሆነው፣ ጀርባው ላይ የመቀስ ሥዕል ያለው ለዚህ ነው። እናትህን ያሸነፋቸው ነገር እንግዲህ ለሌላ ሰው ልጅ ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ በትሕትና ዘጋ።

ቁጥር 4 አጭር ነበር። ምላጭ ገዝተህ አስቀምጥላቸው፣ ዳር ዳሩን ይሰንጥቁት። ይህችን ምክር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ቁጥር 5 ደግሞ ነገሩን አቀለለው። እኛ ልጅ ሆነን ያልዋጥነው ሳንቲም፣ ያልዋጥነው ቁልፍ የለም፤ በማግስቱ ሲወጣ ነበር የምናየው፤ ባትሪዋ ምን ትለያለች አለ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ መጠየቁ ጥሩ ነው።

የመለሰችለት በቁጥር 6 ደሴ ያለች ነርስ ናት። ከውይይቱ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። ሳንቲም ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ባትሪ ግን ይሠራል አለች። ስፋቷ 20 ሚሊሜትር ስለሆነ የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ትቀረቀራለች። እርጥበቱ የባትሪዋን ሁለት ገጽ ያገናኛል፣ ኤሌክትሪክ መዞር ይጀምራል፣ በኔጌቲቩ በኩል ለሳሙና መሥሪያ የምንገዛው ኮስቲክ ሶዳ ዓይነት ነገር ይፈጠራል። ሥጋውን የሚበላው እሱ ነው። ባትሪዋ መፈንዳትም ማፍሰስም አይጠበቅባትም። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ያለቀች የምትባለዋ፣ ሪሞት ያልሠራላት ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚሆን ጉልበት ይቀራታል። ልጅ ሳንቲም ዋጠ ተብሎ ሲመጣም ራጅ ላይ ጠርዟ እንደ ድርብ ቀለበት ከታየ ባትሪ ናት ብለን እንሮጣለን አለች። ልጁ እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ፣ ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው ወደ ሐኪም ቤት እየሄዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው ስጡት፣ ከ6 ጊዜ አትለፉ። ማር ከሌለ ማር ፍለጋ አትቁሙ። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ ባትሪዋን አያወጣም።

ቁጥር 5 አመሰገናት። ትንሽም ደንግጦ እንደሆነ ያስታውቃል፤ የልጁን መጫወቻ ሁሉ ፈታትቶ እንደሚያይ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። ማር ተነሣ። ቁጥር 8 ሰኞ ገበያ ላይ የሚሸጠው ማር ግማሹ ስኳር መሆኑን በምሬት አነሣች። ቁጥር 9 የላስታ ነጭ ማር ካልሆነ ማር አይባልም አለ። ቁጥር 10 ነጭ መሆኑ ብቻ ጥራቱን አያሳይም ብሎ ተከራከረው። ቁጥር 11 ንጹሕ ማር በክብሪት እንዴት እንደሚታወቅ አስተማረ፣ ቁጥር 12 ደግሞ የክብሪቱ ነገር ወሬ ነው አለ። ማር የሚሸጥ አንድ ሰው ስልኩን ሊያስገባ ሞክሮ ተሰረዘበት።

ቁጥር 13 ጠያቂው ራሱ ነው፣ ንዴት ብጤ ይዞት ተመለሰ። የጠየቅኩት ስለ እናቴ ጣት ነው፣ እናንተ ቀፎ ውስጥ ገባችሁ አለ። እውነቱን ነው።

ቁጥር 14ን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያደገ ሰው ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለረጅም ዘመን ሲያክም የኖረ መሆኑን ለማያውቅ አስታወሰ። አባቱ ከዚያ ታክመው የዳኑ ናቸው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፣ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። የአባቱ እጅ ሙቀት አይለይም፣ ስለት አይለይም። አንድ ቀን የሪሞት ባትሪ በምላጭ ሊከፍቱ ተቀመጡ፤ ልጁ ቀና ሲል ላስቲኩ ላይ ደም አየ። አባት አላወቁም። ላስቲኩን እየሰነጠቁ መስሏቸው ሌባ ጣታቸውን እየሰነጠቁ ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፣ እንደውም እየተጫወቱ ነው። ከዚያ ቁጥር 4ን በስሙ ሳይጠራ ምላጭ የሚል ምክር ለእንዲህ ያለ እጅ አይሰጥም አለ። ስኳር የቆየባቸው ሰዎችም ብዙዎቹ ጣታቸው እየደነዘዘ ይሄዳል፤ የጠያቂው እናት ደግሞ ስኳር ነው ያለባቸው። ቁስላቸውም ቶሎ አይድንም። ቁጥር 4 ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን አነሣ። በይነመረብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ዕለቱን መዝግቡት።

ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ ሳይነሣ አይቀርማ። ቁጥር 15 ዐፄ ዮሐንስ እዚያ የጠሩትን የሃይማኖት ጉባኤ አመጣ። ቁጥር 16 ዓመቱን አረመው፤ በእኛ 1870፣ በፈረንጆቹ 1878 ነው። ቁጥር 17 በዚያ ጉባኤ ማን ተበደለ፣ ማን ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ ወደሚለው ሊገባ ሲል የመድረኩ ጠባቂ በጨዋ ደንብ አስቆመው። ርእሱ ትልቅ ነው፣ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፣ ባትሪ ስር አይወራም አለ። ደግ አደረገ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው የወዳጅ ነበር። ድምፁ የተለወጠው ቁጥር 18 ላይ ነው። ሰውዬው ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ አይጠፋም፣ ና ክፈትልኝ ማለት ነው አለ። ሽማግሌ ልጅ ይልካል፣ ልጅ ይታዘዛል፣ አለቀ፤ ይህን ችግር ማለት የፈረንጅ ቅብጠት ነው። ቁጥር 19 አንዲት ሴት ናት፣ አልማረችውም። ሕፃን እንዳይከፍተው ብለው ያሸጉትን ነገር ልጅ ጠርተን እያስከፈትን ልጁን እናሠለጥነዋለን ማለት ነው ወይ አለችው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሲከፍት ሦስት ዓመት ያልሞላት እህቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥላ ታያለች። ደግሞስ ስንት እማማ ናቸው ዛሬ ብቻቸውን የሚውሉት? ልጁ አዲስ አበባ፣ ልጁ ጅዳ፣ ልጁ ፋብሪካ። ቁጥር 20 ቁጥር 18ን ደግፎ ሴትዮዋ ልጅ የላትም መሰለኝ የሚል የማይገባ ነገር ጻፈ። ሴትዮዋ በቁጥር 21 ተመልሳ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ አንዱንም እሱን በመሰለ አፍ እንዳላሳደገች ነገረችው። የቀረውን እዘለዋለሁ፤ ጠባቂውም ግማሹን አጥፍቶታል።

ቁጥር 18 ሲጽፍ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ያደገበትን ነው የተናገረው። ግን ያላየው ነገር አለ። ሰው ለሚለካው ስኳሩ፣ ለሚከፍተው ቴሌቪዥን፣ ለግድግዳ ሰዓቱ ሁሉ ሰው እየጠራ መኖር ይታክተዋል። ሽማግሌ ሲሆኑ እጅ ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ መለመንም ይደክማል።

በቁጥር 22 የመጣው አስተማሪ ነው፣ አጻጻፉም እንደዚያው የክፍል ነው። እሽጉ እንዴት እንደሚፈተን ተነተነ። የባትሪው ሕግ እሽጉን ያያዘው ድሮ፣ በ1970 በፈረንጆቹ፣ ለመድኃኒትና ለመርዛማ ዕቃ ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ጋር ነው። ፈተናው በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ከ42 እስከ 51 ወር የሆናቸው ልጆች ይሰበሰቡና እሽጉ ይሰጣቸዋል። ለ5 ደቂቃ ይታገላሉ፤ ከመቶ 85ቱ መክፈት የለባቸውም። ከዚያ ፈታኙ ከፍቶ ያሳያቸውና ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ በጥርስ መንከስም ይፈቀዳል። በመጨረሻም 80ው አልቻልንም ማለት አለባቸው። በሌላ በኩል ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆኑ 100 አዋቂዎች ይፈተናሉ፣ ከመቶ 90ው መክፈት መቻል አለባቸው። ለእነሱም መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይሰጣቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታዲያ ሽማግሌም ተፈትኗላ፣ ምን ይሁን ነው የምትሉት አለ። ቁጥር 23፣ 24 እና 26 ሁሉም በየራሳቸው ቃል ያሉት ይህንኑ ነው።

አስተማሪው በቁጥር 27 ተመልሶ ቀሪዋን አወጣት። ደንቡ የሚፈተኑት አዋቂዎች ግልጽ የሆነ የአካል ጉዳት የሌለባቸው ይሁኑ ይላል። ከ70 ዓመት በላይ የሆነም አይገባም። እንግዲህ የቦሩ ሜዳው አባት፣ የኮምቦልቻዋ እናት፣ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘው ሰው ከመጀመሪያውም ፈተናው ክፍል ውስጥ አልነበሩም። እሽጉ ለአዋቂ ይከፈታል ሲባል ለእነሱ ይከፈታል ማለት አይደለም። በመቶ የቀሩት 10 ሰዎችም ቢሆኑ ጤነኛ እጅ ይዘው ያልቻሉት ናቸው። የጠያቂው ምሬት መልሱን ያገኘው እዚህ ነው፣ ለእኔ። ያሸገው ሰውዬ እናት አለው፤ እናቱ ግን ጠረጴዛው ላይ አልተጠሩም። የልጁን ነፍስ ማዳን ትክክል ነው፤ ግን ይህን ደንብ የጻፈ ሰው የጎበጠውንም ጣት አንድ ቀን መጥራት ይችል ነበር።

አስተማሪው አንድ ነገር ጨመረ። ያው የ1970ው ሕግ ሽማግሌንና አካል ጉዳተኛን ፈጽሞ አልረሳም። ሕጉ የሚመለከታቸውን እንደ መድኃኒት ያሉ የቤት ውስጥ ነገሮች የሚያመርት ሰው አንዱን መጠን በቀላል ክዳን እንዲያወጣ ይፈቅዳል፣ ትንሽ ልጅ ለሌለበት ቤት ነው የሚል ጽሑፍ ከለጠፈበት። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም ፋርማሲው በጥያቄ በቀላል ክዳን ይሰጣል። ቁጥር 3፣ ያ የፋርማሲው ሰው፣ እዚህ ጋ ገብቶ ወደዚህ ሐሳብ አትሩጡ አለ። ልጅ የሌለበት ቤት የሚባል ነገር ወሎ ውስጥ የት አለ? የጎረቤት ልጅ ይገባል፣ የልጅ ልጅ ለዓመት በዓል ይመጣል። ይህንንም እውነት ነው እላለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው አስቸጋሪው።

ቁጥር 29 ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠሩ ጋሼ ናቸው፤ አጻጻፋቸው አንቱ ያሰኛል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እጃቸው አይሠራም። እሳቸው የጻፉት ስለ ብልሃት ነው። እሽጉን በከፈቱት መሳቢያ ጠርዝ ላይ ያደርጉና መሳቢያውን በሆዳቸው ገፍተው ይዘጉታል። እሽጉ ተጣብቆ ይቆማል፣ ቀኝ እጃቸው መቀስ ይዞ ይቆርጣል። የሚያስቸግራቸው ግን እሽጉ ብቻ አይደለም። የባትሪው ክዳን ራሱ በአዲሶቹ ዕቃዎች ላይ ወይ ብሎን አለው፣ ወይ በአንድ ጊዜ ተጭኖ መግፋት ይጠይቃል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማለት ለእሳቸው ሁለት እጅ ማለት ነው። ብሎኑን ይመርጣሉ፤ ካቻቢቴ በአንድ እጅ ይዞራልና። ተጭኖ መግፋት የሚሉትን ዕቃ ግን ገና ሱቅ ውስጥ እያሉ መልሰው ያስቀምጡታል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ በቁጥር 30 ለእናትየው የሚሆን ነገር ጠቆመች። እነሱ ክር የሚቆርጡባት ትንሿ መቀስ ቀለበት የላትም፣ በመዳፍ ጨበጥ ስትደረግ ትቆርጣለች፣ ስትለቀቅ ራሷ ትከፈታለች። ጣት ማስገባት የለም፣ መክፈት የለም። ቁጥር 31 ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ያቺ መቀስ ወፍራሙን ላስቲክ አትነክስም፣ ጫፏ ይጠመማል አለ። አትክልት የሚከረከምባት ስፕሪንግ ያላት መቀስ ትሻላለች፤ እሷም በመዳፍ ነው የምትሠራው። ቁጥር 32 ልምዱ ካለው ሰው የመጣ ነው የሚመስለው። እርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ እሽጉን እዚያ ላይ ማድረግ፣ እንዳይንሸራተት። አራቱን በአንዴ አለመክፈት። ባትሪዋ የተቀመጠችበትን ጎድጎድ ያለ ቦታ ሳይሆን ጠፍጣፋውን ዳር መቁረጥ፤ ባትሪዋን በመቀስ ከነኩ ሁለቱ ገጽ ይገናኝና ትሞቃለች።

አራቱን በአንዴ አለመክፈት የምትለዋ ነገር ቁጥር 33ን ወጋችው። አያቷ አንዴ ሰው ካገኙ ሁሉንም አስከፍተው በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሯቸዋል። ነገ የሚከፍትልኝ ሰው ባላገኝስ ነው የሚሉት። ጀርባቸው ላይ የሚታዘለው የልጅ ልጅ ደግሞ ያንን ቋጠሮ ሲፈታ ነው የሚውለው። ይኸው፣ የማይከፈት እሽግ ዞሮ ዞሮ ባትሪዋን ያለ እሽግ አስቀራት። መድኃኒት ላይም እንዲሁ ነው፤ ክዳኑ የከበዳቸው ሰዎች ከፍተው ይተዉታል። ቁጥር 34 ነርሷ ናት፣ ተመልሳ መጥታ ሌላ አስፈሪ ነገር አስከተለች። ባትሪ የሚውጠው ሕፃን ብቻ አይደለም። የጆሮ መስሚያ ባትሪ ከክኒን ጋር አንድ ሳህን ላይ ያስቀመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች ክኒን መስሏቸው ይውጧታል። በጥርስ መክፈትም ያው ነው፤ እሽጉ ድንገት ሲቀደድ ባትሪዋ ያለችው አፍ ውስጥ ነው።

ቁጥር 35 የመረረ ባትሪ አለ አይደል ወይ አለ። አለ፤ ዱራሴል ከ2020 በፈረንጆቹ ጀምሮ እጅግ መራራ ነገር የተቀባ ባትሪ ይሸጣል። ቁጥር 36 መራራነቱ ልጁ እንዲተፋው ያግዝ ይሆናል፣ ጎርሶ ወዲያው ለሚውጥ ግን አይደርስለትም አለ። ደግሞ አንዳንድ ዕቃ ላይ ቅባቱ ግንኙነቱን ይከለክላል፤ አፕል ራሱ ለኤርታግ፣ ለዚያች የጠፋ ዕቃ መፈለጊያው፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ላይሠራ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቁጥር 37 ኤርታግ ደሴ ውስጥ ያለው ማን ነው ብላ አሳቀችን። የእሷ ጭንቀት ጣት ላይ የምትደረገዋ የዲጂታል ተስቢሕ ናት። እናቷ ዚክር የሚቆጥሩባት ያቺ መቁጠሪያ ውስጥ ትንሽዬ የቁልፍ ባትሪ አለች፤ ክዳኗ በጥፍር ይከፈታል፣ ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነ እቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ተበትኗል። አንዷን ሕፃኑ ሲያኝካት ነበር ያገኘችው። እሷን ካነበበ በኋላ ብዙ ሰው ተነሥቶ ቤቱን እንደፈተሸ ከመልሶቹ ይታያል። የሚዘምር የልደት ካርድ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የመኪና ቁልፍ፣ ብርሃን የምትረጭ መጫወቻ፣ የወጥ ቤት ሚዛን፤ ዝርዝሩ እስከ ቁጥር 44 ደረሰ።

ቁጥር 45 ላይ የጠያቂው እህት ራሷ ከአሜሪካ ገባች። እዚያ እሽጉን በወጥ ቤት መቀስ ከፍታ ስትጥል ምንም አስባ እንደማታውቅ ነገረችን። ከአሁን በኋላ ዳሩን ቆርጬ ነው የምልከው አለች። የፋርማሲው ሰው አላለፋትም። የተቆረጠ እሽግ ሻንጣ ውስጥ ይበተናል፣ እዚያ ቤት ደግሞ ሁለት የልጅ ልጆች እንዳሉ ወንድሟ ቀደም ብሎ ጽፏል። ቁጥር 47 ታዲያ ባትሪ መላክሽን ተይና በመዳፍ የምትጨበጠዋን መቀስ ላኪ አላት። ቁጥር 48 ከዚያ ሁሉ በቻርጅ የሚሠራ መለኪያ ፈልጊ አላት። ወንድምየው ሁለቱንም ላኪ አለ። ማሩንም ጨምሪበት ያላት አለ፣ እሱን ማንም አልመለሰለትም።

ነርሷ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈችው ያለቀችውን ባትሪ ስለ መጣል ነው። ሁለቱን ገጽ በፕላስተር ጠቅልላችሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ እንጂ ሪሞቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ይህን ብዙ ሰው ወደደው። ከሥሩ አንድ ሹፌር የመኪናውን ቁልፍ ባትሪ፣ ሲአር 1632፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የት እንደሚያገኝ ጠየቀ። አንዱ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ላከው፣ ሌላው እዚያ ያለው አስመሳይ ነው፣ ደሴ ውጣ አለው። ቁጥር 2 ይሄኔ ብቅ ብሎ ለአንዲት ባትሪ ሐረጎን የሚለውን ቀልዱን ደገመው፤ ሹፌሩ ግን አልሳቀም። በቀን ሁለት ጊዜ ለሥራ ስለምመላለስበት አንተ አትጨነቅልኝ አለው።